በልደትና በጥምቀት ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ቤተ ሰቦች፤ ከቤት ውጭ ስለሚበላ ምግብ



የታኅሣሥ ወር ከተጋመሰበት ቀን አንሥቶ ጥምቀት እስኪያልፍ ድረስ ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ቤተ ሰብ እጅግ ብዙ ነው። አንዱ በትምህርት ወይም በሥራ የራቀውን ልጁን ለመጠየቅ፥ አንዱ የታመመ ዘመዱን ለማየት፥ አንዱም ጃን ሜዳ ወርዶ ታቦታቱን ለማጀብ ይመጣል። ለዚህ ጉዞ የሚሰናዳ ሰው ስለ ማደሪያው ያስባል፤ ስለ ልብሱ ንጣት ይጨነቃል፤ ለዘመድ የሚሰጠውን ማርና ቅቤ አስቀድሞ ያሰናዳል። ስለሚበላው ምግብ የጠየቁት እንደ ሆነ ግን፥ «ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት መች ጠፍቶ!» ብሎ ነገሩን ያቀለዋል።

እርግጥ ነው፤ ምግብ ቤት አልጠፋም። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። አስቀድሞ ካላሰበ ቤተ ሰብ ዘንድ በመጀመሪያ ሰዓቱ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ገንዘቡ ይጠፋል፤ በመጨረሻም የበዓሉ ደስታ ይጠፋል። ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሱ አሮጊት እናት በመኪና ውስጥ ተቀምጠው፥ ሕፃናቱ በረኀብ እያለቀሱ፥ አባት ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ይዞራል። ሦስት ቤት «ሞልቷል» ይለዋል፤ በአራተኛው ዋጋውን ሳይጠይቅ ይገባል። በዚያ የተከፈለው ገንዘብ ለልጆች ትምህርት የታሰበ የነበረ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ጸጸቱ ከበዓሉ በኋላ ብዙ ወር ይቈያል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ በየክፍሉ እንመለከተዋለን።

በአገራችን እህልን በገንዘብ ገዝቶ ከቤት ውጭ መብላት የቈየ ልማድ አይደለም። መንገደኛ የሚያድረው ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ቤት ነበር፤ ይህ ባይገኝ በስንቁ ይኖር ነበር እንጂ፥ እንጀራ መሸጥም መግዛትም እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራውን በጀመረ ጊዜ የአገሩ ሰው ገብቶ ለመብላት ስላፈረ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በመመገብና ዋጋውን በመክፈል ልማዱን አስጀመሩት ተብሎ ይነገራል። ያ ቤት በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የተነሣ እሳት ከፊሉን ቢጐዳውም ስሙና ታሪኩ ከፒያሳ አልጠፋም።

ነውሩ ቀረ፤ ጥበቡን ግን ገና አልጨረስነውም። በቤት ግብዣ ጊዜ ማን እንደሚጾም፥ ማን በርበሬ እንደማይስማማው፥ የትኛው ሕፃን ቶሎ እንደሚርበው የቤቲቱ እመቤት ሳይነግሯት ታውቃለች። በምግብ ቤት ውስጥ ግን አሳላፊው ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። ስለዚህ ከቤት የወጣ ቤተ ሰብ ምግቡን ከሌላ ቢገዛም፥ የእመቤቲቱን አሳብ ራሱ ይዞ መሄድ ይገባዋል።

አንደኛ፤ የጾሙንና የፍስኩን ቀን ለይቶ ስለ ማወቅ።

የጉዞው አሳብ ከሁሉ በፊት ከቀን መቍጠሪያ ጋር ይስማማ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይያዛል፤ የሚፈታውም በልደት፥ ማለት ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። የምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ልደትን የሚያከብሩት ግን እንደ እኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን፥ አዲስ ዓመታቸውንም ታኅሣሥ 23 ቀን ነው፤ ከዘመነ ዮሐንስ በቀር። ስለዚህ በታላላቅ ሆቴሎች መብራቱና ጌጡ፥ ሥጋውም የሚበዛው እኛ ገና በጾም ላይ ሳለን ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አስተውሉ። በእነዚህ ቀናት ብዙ ሆቴሎች ምግቡን በረጅም ገበታ ዘርግተው በአንድ ቍርጥ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ይህንም ቡፌ ይሉታል። የሚጾም ሰው ከዚያ ገበታ ላይ የሚያነሣው ጥቂት ጎመን፥ ጥቂት ሩዝና ፍራፍሬ ሲሆን፥ የሚከፍለው ግን ሥጋውን፥ ዓሣውንና የወተቱን ጣፋጭ ሁሉ እንደ በላ ሰው ነው። ከስምንት ሰዎች ስድስቱ የሚጾሙ ከሆነ ወደ ቡፌ መሄድ ገንዘብን መበተን ነው። እንዲህ ላለው ቤተ ሰብ በየዓይነቱ፥ ሽሮ፥ የሱፍ ፍትፍትና የምስር ወጥ በሳህን ተቈጥሮ የሚቀርብበት ቤት ይሻለዋል።

ጾሙ በልደት ከተፈታ በኋላም ረቡዕና ዓርብ እንዳሉ አይዘንጋ። ልደት ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል፤ በ2018 ዓ.ም. ልደት ረቡዕ ውሎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከበዓሉ በኋላ በሁለተኛው ቀን፥ ጥር 1 ቀን፥ ዓርብ ነበረና የክትፎ ግብዣ ለዚያ ቀን የቀጠረ ሰው ሽማግሌዎቹን ባዶ ገበታ ላይ አስቀምጧቸዋል። ደግሞ የጥምቀት ዋዜማ ጥር 10 ቀን ገሃድ ነው። ገሃድ ቅዳሜ ወይም እሑድ የዋለ እንደ ሆነ ሥርዓቱን ከንስሐ አባት ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰዓት።

የልደት ቅዳሴ የሚቀደሰው በሌሊት ነው። ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ብዙ ሰዓት አልፎ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚከፈት ምግብ ቤት የለም። በራሱ ቤት ያለ ሰው ወጡ በምድጃው አጠገብ ይጠብቀዋል፤ በሆቴል ያደረ ሰው ግን የሚጠብቀው ጨለማና ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ይልቁንም ቅዱስ ቍርባን የሚቀበሉ እናትና አባት ያሉበት ቤተ ሰብ ይህን ሊረሳ አይገባውም። ከዋዜማው ቀን አስቀድሞ ከሆቴሉ ኀላፊ ጋር ተነጋግሮ የፈላ ውኃ በቴርሞስ፥ ዳቦ፥ የተልባ ውኃና ጥቂት ቀላል ምግብ በክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ማድረግ ከባድ ነገር አይደለም፤ ያልተነጋገሩበት እንደ ሆነ ግን በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚሰማ አይገኝም።

በበዓሉ ቀን ጧትም ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። በዚህ መቈጣት አይገባም፤ አብሳይዋም በዓል አላት፥ ልጆቿም እንደ እኛ ልጆች እናታቸውን ይጠብቃሉ። ክፍት የሚሆኑት ታላላቆቹ ሆቴሎችና ጥቂት ሌሎች ቤቶች ሲሆኑ፥ ሕዝቡ ሁሉ ወደ እነዚሁ ስለሚጐርፍ ገበታ የሚገኘው አስቀድሞ በቴሌፎን ለያዘ ሰው ነው። በሦስትና በአራት ቀን በፊት ደውሎ የሰዎቹን ቍጥር፥ የሕፃናቱን ቍጥር፥ የሚመጡበትን ሰዓት፥ የሚጾም ካለም ይህንኑ መናገር፥ ስልኩን ያነሣውንም ሰው ስም መጻፍ ነው። በቀኑም ጧት ሁለተኛ ጊዜ መደወል ይገባል። ለምሳ የሚሻለው ሰዓት ከስድስት ሰዓት በፊት ወይም ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የግፊያ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ስፍራው።

ከተማውን ዱሮ የሚያውቅ ሰው በማወቁ እንዳይመካ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዶቹ ተለውጠዋል። አባት በወጣትነቱ የበላበትን ቤት ለልጆቹ ለማሳየት አስቦ ቢሄድ፥ ከቤቱ ይልቅ ሰፊ መንገድና አዲስ አጥር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚታወስ ቤት ሁሉ ዛሬም ስለ መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ።

በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ጃን ሜዳ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ቀን ይመለሳሉ፤ በቃና ዘገሊላ ጥር 12 ቀን ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ይገባል። በነዚህ ሦስት ቀናት በአራት ኪሎ፥ በስድስት ኪሎና በፒያሳ በኩል ያሉ መንገዶች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ የውጭ አገር እንግዳም አይጠፋም። ስለዚህ ለእነዚህ ቀናት የሚያዘው ምግብ ቤት ከሁለት ወገን አንዱ ይሁን፤ ወይም ከማደሪያው በእግር የሚደረስበት፥ ወይም ከታቦታቱ መንገድ ፈጽሞ የራቀ። ጃን ሜዳ ሆኖ ቦሌ ገበታ መያዝ፥ መድረሻው በማይታወቅ መንገድ ላይ ቀጠሮ መስጠት ነው።

ደግሞም የአባቶቻችንን ስንቅ አንናቅ። ዳቦ ቈሎ፥ በሶ፥ ድፎ ዳቦና ውኃ በዘንቢል የያዘ ቤተ ሰብ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ አይጨነቅም። በሆቴል መብላት የሚችል ሰው ስንቅ ቢይዝ ክብሩ አይቀንስበትም፤ ልጁ በረኀብ በአደባባይ ሲያለቅስበት ግን ያፍራል።

አራተኛ፤ ስለ ገንዘብ።

በምግብ ዝርዝር ወረቀት ላይ የሚታየው ዋጋ ሁልጊዜ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ዋጋ ይጨምራሉ፤ ቀጥሎ በድምሩ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። በምሳሌ ብናየው፥ በወረቀቱ ላይ 4,000 ብር የሆነ ምሳ ከአገልግሎቱ ጋር 4,400 ብር፥ ከታክሱ ጋር 5,060 ብር ይሆናል። ያልታሰበው 1,060 ብር ነው። በአራት ቀን አንድ አንድ ጊዜ እንዲህ የበላ ቤተ ሰብ 4,240 ብር ካሰበው በላይ ያወጣል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት «ዋጋው ሁሉን ያጠቃለለ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት እንጂ ንፍገት አይደለም።

ለምግብ የተመደበው ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ በሦስት ይከፈል፤ አንዱ እጅ ለበዓሉ ቀን ታላቅ ግብዣ፥ አንዱ እጅ ለሌሎቹ ቀናት ምሳና ራት፥ አንዱም እጅ ላልታሰበ ነገር። ብዙዎች ጉዞውን በደስታ ጀምረው በብድር የሚጨርሱት በመጀመሪያው ቀን ሦስቱንም ስለሚበሉ ነው።

ታላቅ ግብዣ ታዝዞ ቀብድ የተከፈለ እንደ ሆነ ደግሞ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። በፍርድ ቤት መዝገብ ሥራ ላይ የቈየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሰዎች የሚካሰሱት አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን «እኔ እንዲህ መስሎኝ ነበር» በሚለው ቃል ነው። አንዱ ለ20 ሰው ያዘዘ መስሎት፥ ሌላው ለ30 የታዘዘ መስሎት፥ ሁለቱም ቅን ሆነው ይጣላሉ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው፥ የሰው ቍጥር፥ የምግቡ ዓይነት፥ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የቀብዱም መጠን በአንድ ቍራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት።

ስለ ከፋይም አስቀድሞ ይወሰን። ዘመዳሞች በገበታ መጨረሻ ላይ «እኔ ልክፈል፤ የለም እኔ» እያሉ መጓተታቸው የፍቅር ምልክት ቢመስልም፥ አንዳንዱ በአፉ እየታገለ በልቡ የሚጨነቅ አለ። ደመወዙ አነስተኛ የሆነው ወንድም በእልህ የከፈለውን ገንዘብ ሚስቱ ለአንድ ወር አስቤዛ አስባው እንደ ነበር ማን ያውቃል? ስለዚህ ታላቅየው ወይም ጋባዡ አስቀድሞ ለብቻ ሄዶ ይክፈል፤ ሌላውም በሌላ ቀን ቡና ይጋብዝ።

አምስተኛ፤ ስለ ማዘዝና ስለ ጤና።

በቤት አንድ ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ሞሰቡን ይሞላል፤ በምግብ ቤት ግን ዶሮ ወጥ የሚቈጠረው በሰው ልክ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ አንድ ከማዘዝ፥ ሦስትና አራት ዓይነት ለብዙ ሰው እንዲቀርብ አድርጎ በአንድ ትሪ መብላት ለኪስም ለፍቅርም ይሻላል። ካልበቃ ይጨመራል፤ የታዘዘው ግን አይመለስም።

ለሚጾሙ ሰዎች ሲታዘዝ ሽሮው በቅቤ ወይም በዘይት እንደ ተሠራ በግልጥ ይጠየቅ። አንዳንዱ አሳላፊ «የጾም ነው» ሲል ሥጋ የለበትም ማለቱ ነው። ዓሣን በጾም የሚበላ አለ፥ የማይበላም አለና ለአረጋውያን ሳይጠይቁ ዓሣ ማዘዝ አይገባም። በቤተ ሰቡ መካከል የእስላም ወዳጅ ወይም ዘመድ ቢኖር፥ ሥጋው በእስላም እጅ የታረደበትን ቤት መምረጥ፥ ይህ ካልተገኘም ሁሉም የጾም ምግብ በአንድነት የሚበላበትን ገበታ መዘርጋት የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

ከአርባ ቀን የበለጠ ጾም የቈየ ሆድ በአንድ ጊዜ ቅቤና ሥጋ ቢጫንበት ይታወካል። በመጀመሪያ የተልባ ውኃ፥ ቀጥሎ ጥቂት አልጫ ወይም ጥቂት ዶሮ በብዙ እንጀራ፤ ክትፎውና ጥብሱ ለማግስቱ ይቈይ። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ፥ ኮሶ የሚባለው ትል ወደ ሰው ሆድ የሚገባው ባልበሰለ የከብት ሥጋ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ እንቍላሉን የዋጠ ከብት ሥጋ ውስጥ የሚቀመጠው ፍሬ በደንብ በተቀቀለ ወይም በተጠበሰ ሥጋ ውስጥ ይሞታል። ጥሬ መብላት ካልቀረ ሥጋው በቄራ የተመረመረ መሆኑ ይታወቅ፤ ለሕፃናትና ለእርጉዝ ሴት ግን ፈጽሞ አይሰጥ። ጠጅ የሚጠጣም መኪና አይንዳ፤ ከአንድ ብርሌ በኋላ የሚመጣው መተማመን ሐሰተኛ ነው።

ስድስተኛ፤ ስለሚረሱ ሰዎች።

ብዙ ጊዜ ታላላቅ ሰዎች ከቤተ ሰባቸው ጋር በሆቴል ሲመገቡ ሾፌሩ በውጭ ይጠብቃል፤ ሞግዚቲቱም ሕፃኑን ታቅፋ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ትቆያለች። ይህ ነገር ከምግቡ ሁሉ ይልቅ በልጆች ዓይን ፊት ይታያል። ልጅ በበዓል ቀን የበላውን ወጥ ይረሳል፤ አባቱ የሾፌሩን ምሳ አስቦ እንደ ነበረ ወይም እንዳላሰበ ግን አይረሳም። ስለዚህ ገበታ ሲያዝ የእነርሱም ቍጥር ይጨመር፤ አብረው ቢቀመጡ መልካም ነው፤ የማይመች ቢሆን እንኳ በዚያው ሰዓት ያው ምግብ ይቅረብላቸው። ንጹሕ ሆኖ የተረፈውን ምግብ አሳላፊው እንዲጠቀልለው መጠየቅም አያሳፍርም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በዓሉን በባዶ ሆድ የሚያሳልፍ ሰው አለና።

ይህን ሁሉ በአጭሩ ለማስታወስ የሚፈልግ ሰው ለልደት ጉዞ የሚከተለውን ሥርዓት ይያዝ። ታኅሣሥ 27 ቀን መድረስ፤ በማደሪያው አጠገብ ቀላል የጾም ራት መብላትና ቴሌፎኖቹን ሁሉ መጨረስ። ታኅሣሥ 28 ቀን ጾም ነው፤ ለሌሊቱ የሚሆነውን በክፍል ማሰናዳት። ታኅሣሥ 29 ቀን ጧት ማረፍ፥ በስምንት ሰዓት አስቀድሞ በተያዘው ቤት ታላቁን ምሳ በአንድነት መብላት፤ ለራት ከምሳ የተረፈው ይበቃል። ታኅሣሥ 30 ቀን ዘመድ መጠየቅ፤ ያን ቀን ዘመድ ሳያበላ ስለማይለቅ ለሆቴል ምሳ ገንዘብ አለመያዝ። በማግስቱም ስንቅ ቋጥሮ በማለዳ መመለስ። በዘመነ ዮሐንስ ሁሉም በአንድ ቀን ይቅደም።

በዓል የሚከበረው በምግብ ብዛት አይደለም፤ ነገር ግን የምግቡ ነገር ያልታሰበበት በዓል ቤተ ሰብን ይበትናል። አሳቢ አባትና አስተዋይ እናት ባሉበት ቤት ሽማግሌው ጾሙን ሳያፈርስ፥ ሕፃኑ ሳይራብ፥ ኪስም ሳይራቈት ሁሉ በደስታ ወደ አገሩ ይመለሳል። እግዚአብሔር በዓሉን በሰላምና በጤና ያድርሰን።